የዶሮዋ ጉልበት የት ነው?

ለመጀመር ያህል፣ በዚህ ፋሲካ ዶሮ ያልቀመሰ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ሁለት ሰው። ለሁለቱ አዝናለሁ። ለሌሎቻችሁ ግን ጥያቄ አለኝ፦ የዶሮ ጉልበት የት ነው?

አትቸኩሉ። ግቢ ውስጥ የምትለቃቅም ዶሮ በዓይነ ልቦናችሁ ተመልከቱ። ቅርፊታሙ ቢጫ እግሯ ወደ ላይ ይወጣና ላባው ሊጀምር ሲል ይታጠፋል። አብዛኞቻችሁ «እሱ ነዋ ጉልበቷ» ትላላችሁ። እንዲያ ከሆነ ጉልበቷ የሾለው እንደኛ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው፤ ገልብጠው የገጠሙት ይመስላል። ነገሩ ሌላ ነው። ያ መታጠፊያ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ዶሮ ዕድሜ ልኳን ተረከዟን ከመሬት አንስታ በጣቶቿ ብቻ ትሄዳለች። እዚህ ቦሌ መንገድ ላይ ረጅም ታኮ ተጫምታ የምትራመድ ወጣት አይታችሁ ከሆነ የዶሮን አረማመድ በግማሽ አይታችኋል። ያ ቅርፊታም ረጅም አጥንት ደግሞ በእኛ እግር ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ያለው ክፍል ነው። እውነተኛው ጉልበት ከዚያ በላይ፣ ላባ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ታፋው ከቅልጥሙ የሚገናኝበት ላይ ይገኛል። የሚታጠፈውም ልክ እንደኛ ነው። በበዓሉ ዕለት በእጃችሁ ይዛችሁት ነበር፤ ወጡ ጣፍጧችሁ ሳታስተውሉት ቀራችሁ እንጂ።

የዛሬው ርዕሳችን በትምህርት ቤት ስሙ ንጽጽራዊ ሥነ አካል ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ ሥራው ግን የአንዱን እንስሳ አካል ከሌላው ጎን አስቀምጦ «ይህ፣ እዚያኛው ላይ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ከአክስቴ ነው። አክስቴ ዶሮ ስትበልት ቢላዋዋ ከአጥንት ጋር አይጣላም ነበር። አሥራ ሁለቱን ብልት ለማውጣት መጀመሪያ የምትልከው አውራ ጣቷን ነው፤ መጋጠሚያውን ትፈልጋለች፣ ትጫነዋለች፣ ወዲያ ወዲህ ታወዛውዘዋለች፣ ቢላዋው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቀን እኔ ልሞክር ብዬ አጥንቱ ላይ ሳንኳኳ «እንጨት ፈለጣ አደረግኸው እኮ!» ብላ ቀማችኝ። ከዚያ ክንፉን ይዛ፣ እንደ መቁጠሪያ እየዳሰሰች አሳየችኝ፦ ከትከሻው አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን ሁለት፣ ቀጥሎ ጥቃቅን፣ ጫፉ ላይ ጣት።

እስቲ አሁን የራሳችሁን ክንድ ዳስሱ። አዎ፣ ሁላችሁም፤ አትፈሩ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት። ከክርን እስከ አንጓ ሁለት፤ መዳፋችሁን ስትገለብጡ አንዱ በሌላው ላይ ሲጠመዘዝ ይሰማችኋል። አንጓው ላይ ጥቃቅኖቹ። ከዚያ ጣቶች። አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ፣ ጣት። ዶሮዋ ሦስት ጣቶች ብቻ ቀርተዋታል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ተጣብቀው የክንፉን ጫፍ ይሸከማሉ፣ አንዷ ትንሽዬ ለብቻዋ ወጣ ብላ ላባ ይዛለች። ፈረሰኛው ውስጥ የምትገኘው መንታ አጥንትም ሌላ አይደለችም፤ በእኛ ግራና ቀኝ፣ ከአንገታችን ግርጌ ፊት ለፊት የሚዳሰሱት ሁለት አጥንቶች ወፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1555 ፒየር ቤሎን የሚባል ፈረንሳዊ ስለ ወፎች በጻፈው መጽሐፍ የሰውንና የወፍን አጽም ጎን ለጎን አቁሞ አሣለ፤ ለተመሳሳዩ አጥንት ተመሳሳይ ፊደል ሰጠ። በታሪክ መጻሕፍት የዚህ ትምህርት አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው በዚያ ሥዕል ነው። ቤሎን ሥዕሉን ሠርቶ ለምን እንዲህ ሆነ አላለም። አክስቴም አላለችም። ዶሮውን ድስት ውስጥ ጨመረችው።

ዶሮ ብቻ ይዤ ብመጣ «የወፍ ነገር ነው» ትሉኛላችሁ ብዬ ትናንት ገርጂ አንድ ሥጋ ቤት ገባሁ። የበሬ የፊት እግር፣ ከነሰኮናው፣ ሳይሰነጠቅ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ለሾርባ ከሆነ ልሰንጥቅልዎት?» አለኝ ልጁ።

«አይ፣ ለአዳራሽ ነው።»

«ሠርግ አለብዎት እንዴ?»

ሠርግ እንደሌለብኝ ነግሬው፣ የተሰቀለውን ወርች እያሳየሁ መሀል እግሩ ላይ ያለው መታጠፊያ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጉልበቱ ነዋ» አለ። «ክርኑስ?» ስለው ሳያመነታ እጁን ከፍ አድርጎ ከፍሪምባው አጠገብ ያለውን ሹል አጥንት መታ መታ አደረገ። «ይኸው ክርኑ።» «ታዲያ ከክርን በታች ጉልበት ያለው ፍጡር አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ቢላዋውን እንደያዘ ቆመ። የራሱን ክንድ አየ፣ ወርቹን አየ፣ እንደገና ክንዱን አየ። «እንዴ! አንጓው ነው!» አለ። በሬ ሲንበረከክ መሬት የሚነካው በእጁ አንጓ ነው። ያ ልጅ በዓመት ስንት በሬ እንደሚበልት እንጃ፤ አካሉን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ የጎደለው ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ብቻ ነበር።

እግሩ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የኋላ ተቀማጮች በኋላ መጥታችሁ ታዩታላችሁ። ከአንጓው በታች ያለው ይህ ወፍራም አጥንት አንድ ይመስላል። ፊት ለፊቱ ላይ ጥፍሬን ሳስሄድ ግን ከላይ እስከ ታች የወረደች ቦይ አለች። በመጋዝ ለሁለት ብትቆርጡት ከውስጥ ቅልጥሙን መሀል ለመሀል የከፈለ ስስ ግድግዳ ታገኛላችሁ። ሁለት የመዳፍ አጥንቶች ተጣብቀው አንድ የሆኑበት የስፌቱ ምልክት ነው። የተሰነጠቀው ሰኮና ሦስተኛውና አራተኛው ጣት ናቸው፤ የእኛ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት። ከኋላ ከፍ ብለው የተንጠለጠሉት ሁለት ትንንሽ ጉጦች ደግሞ ሁለተኛውና አምስተኛው። አውራ ጣት የለም።

ወደ ኮተቤ ካራ ከብት ገበያ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ እዚያ ደግሞ አህያ አታጡም። አህያ ከበሬም ብሳ በየእግሯ በአንድ ጣት ብቻ ትሄዳለች፤ በመሀል ጣት። ያን ሁሉ ጭነት የሚሸከሙት አራት ጥፍሮች ናቸው። ከመሀሉ አጥንት ግራና ቀኝ ግን እንደ መርፌ የቀጠኑ ሁለት ስንጥር አጥንቶች ተለጥፈው ይገኛሉ። ምንም ጣት አልተያያዘባቸውም። ምን ይሠራሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ነገር ያለው በአገራችን መሬት ውስጥ ነው። በአፋር ሐዳር፣ ድንቅነሽ በኖረችበት ዘመን በአካባቢዋ ይግጡ የነበሩት የፈረስ ዘሮች ባለ ሦስት ጣት ነበሩ፤ መሀለኛው ትልቅ፣ ሁለቱ ትንንሽ። ቅሪተ አካላቸው በብዛት ተገኝቷል። ከእነሱም በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የሚቀድመው የመጀመሪያው ፈረስ የውሻ ቁመት ያለው፣ በፊት እግሩ አራት ጣት የነበረው እንስሳ ነው። የካራዋ አህያ ስንጥሮች የእነዚያ ጣቶች ትራፊ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል። የዚህ አገር ሰው ማንም ሳያስተምረው እንስሳን በእግሩ ይመድባል። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሕግ ነው፦ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል፤ ፈረስና አህያ ሰኮናቸው ድፍን ነው፣ አሳማው ቢሰነጠቅም አያመሰኳም። እ.ኤ.አ. በ1848 ሪቻርድ ኦወን የሚባለው የለንደን የአካል ሊቅ ሰኮናማ እንስሳትን ሙሉ ጣት ያላቸውና ጎዶሎ ጣት ያላቸው ብሎ ለሁለት ከፈለ። በሬ፣ በግ፣ ግመል፣ አሳማ፣ ጉማሬ ባንድ ወገን፤ ፈረስ፣ አህያ፣ አውራሪስ በሌላ ወገን። ክፍፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የእኔ እናት ይህን ክፍፍል ከሞላ ጎደል ታውቀው ነበር፤ ምክንያቷ ሌላ ቢሆንም። ከዚህ የሚገርመው ግን አሣ ነባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓኪስታን ውስጥ የተገኙ፣ ገና እግር የነበራቸው የጥንት አሣ ነባሪዎች ቅሪት ይፋ ሆነ። የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ሲታይ ከላይም ከታችም እንደ ክር ማጠንጠኛ የተቦረቦረ ነው። እንዲህ ያለ ቁርጭምጭሚት ያላቸው ሰኮናቸው የተሰነጠቀው ወገኖች ብቻ ናቸው። አሣ ነባሪ የበሬና የጉማሬ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። አሣ ነው ብሎ በጾም ሊበላው ያሰበ ካለ፣ ነገሩ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ሳይፈልግ አይቀርም።

እስካሁን «ተመሳሰሉ» ስል የትኛውን መመሳሰል እንደሆነ አልለየሁም። በዚህ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ክንፍ አይቸግረንም። በየአምስት ደቂቃው በራሳችን ላይ አውሮፕላን ያልፋል፣ በየቆሻሻ ገንዳው ላይ ጭልፊት ያንዣብባል፣ ሲመሽ የሌሊት ወፍ ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ደግሞ አራተኛው መጣ። ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ፤ መስተዋቱ በአንበጣ ተሸፍኖ አብራሪዎቹ ማየት ስላልቻሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው እዚሁ ቦሌ አረፉ። እንግዲህ አራቱንም ክንፎች ግለጧቸው። የጭልፊቱ ክንፍ ክንድ ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ፣ ጣት። የሌሊት ወፉም ክንድ ነው፤ አሠራሩ ግን የተለየ ነው፤ አራት ጣቶቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ረዝመው ቆዳ ይወጥራሉ፣ አውራ ጣቱ ነፃ ወጥቶ ለመንጠላጠል ያገለግለዋል። የአንበጣው ክንፍ ግን ውስጡ አጥንት የሚባል ነገር የለም፤ ስድስቱም እግሮቹ ሳይነኩ ክንፉ ከጀርባው ቆዳ ላይ የበቀለ ነው። ስለ አውሮፕላኑ መናገር አያሻም።

እነዚህን ሁለት ዓይነት መመሳሰሎች ኦወን እ.ኤ.አ. በ1843 በሁለት ስም ለይቷቸዋል። እኔ በራሳችን ቋንቋ የዘር መመሳሰልና የሙያ መመሳሰል ብያቸዋለሁ። ሁለት ሾፌሮች ከመገናኛ ቦሌ አንድ መስመር ላይ ስለሠሩ ወንድማማች አይሆኑም። ወንድማማቾች ደግሞ አንዱ ሾፌር፣ ሌላው ቄስ ሊሆን ይችላል፤ አፍንጫቸው ግን ያጋልጣቸዋል። አንበጣና ጭልፊት በሙያ ይመሳሰላሉ። ጭልፊትና በሬ በሙያ ሰማይና ምድር ናቸው፤ በአጥንት ግን ወንድማማች። ኦወን ራሱ ይህን ሁሉ አይቶ የዳርዊንን መልስ አልተቀበለም፤ እንዲያውም ተጣላው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያለው ቀላል ነገር ነው፦ የሚቆፍር እጅ፣ የሚሮጥ እግር፣ የሚዋኝና የሚበርር ክንድ አንድ ዓይነት አጥንት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የያዙት ከአንድ አያት ስለወረሱት ነው።

ይህን ስል ወንበር ላይ መቁነጥነጥ እንደሚጀመር ከልምድ አውቃለሁ። እኔም ጾም የማልገድፍ ሰው ነኝ፤ ከማንም ጋር ለመጣላት አልመጣሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እንቅርቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዘመድ የሌለው ደገኛ አለ? ሐኪሙ ከእንቅርቱ ጀርባ የምታልፍ አንዲት ቀጭን ነርቭ እንዳይነካ ይጠነቀቃል፤ ከተነካች ድምፅ ይጎረንናል። ይቺ ነርቭ የምታዘው ማንቁርትን ነው። ከአንጎል ወርዳ ማንቁርት አጠገብ ስትደርስ መግባት ሲገባት የግራዋ ቁልቁል ደረት ውስጥ ትወርዳለች፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ከሥር ዞራ፣ ያንኑ መንገድ ተመልሳ ትወጣለች። ቀጭኔ ላይ ይህ ዙር ጉዞ ብዙ ሜትር ነው። አሣ ላይ ግን መንገዱ ቀጥታ ነው፤ ልቡ ከስንጥቡ አጠገብ ስላለ። አንገት እየረዘመ፣ ልብ እየወረደ ሲሄድ ነርቯ በቧንቧው ሥር እንደተያዘች ተጎተተች። በሰፈራችን አሮጌ ቪላ ሳይፈርስ ሲታደስ አይታችሁ ይሆናል፦ ሳሎኑ ይሰፋል፣ ፎቅ ይጨመራል፣ የኩሽናው መብራት ገመድ ግን አሁንም በድሮው ሰርቪስ ቤት ዞሮ ይመጣል። ለምን ቢባል ቤቱ አንድም ቀን ሰው ሳይኖርበት አልዋለም።

አሁን ወደምትጠብቁት ጥያቄ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይ?» አልመጣም። የአክስት ልጅ አያት አይሆንም። በነገራችን ላይ ዘመዶቻችንን ከማንም ቀድመን ለይተን ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1830ዎቹ ጎንደርና ስሜን ድረስ ተጉዞ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ሁለት እንስሳትን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የሀገሬውን ስም እንዳለ ወሰደው፦ ጭላዳና ጉሬዛ። ዛሬም በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ስማቸው ይኸው የአማርኛው ነው። የሁለቱን እጅ ጎን ለጎን አድርጉ። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሌባ ጣቱ አጭር፣ አውራ ጣቱ ደህና ረጅም ስለሆነ ሁለቱ ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ፣ ሣሩን አንድ በአንድ ይለቅማል። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ስንዴ የምትለቅም እናት ትመስላለች ቢል አልፈርድበትም። ጉሬዛ ደግሞ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጉብ ያለች ምልክት ብቻ። አራቱ ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ሆነው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወረውሩታል።

ይህን የማወዳደር ዓይን ይዛችሁ ወደ ሐዳር ኑ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን አንዲት የጉልበት መጋጠሚያ አገኘ፤ የታፋ አጥንት ታችኛው ጫፍና የቅልጥም ላይኛው ጫፍ። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየች ናት። ሲገጥማቸው ታፋው ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ከጉልበቱ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውጭ ዘመመ። የቺምፓንዚ ታፋ ቀጥ ያለ ነው፤ በሁለት እግሩ ሲቆም እግሮቹ ይራራቁና ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። የሰው ታፋ ከዳሌ ወደ ውስጥ ዘምሞ ጉልበቶቻችንን ከሰውነታችን ሥር ያሰባስባቸዋል። ጆሃንሰን ግን በረሃ መሀል ነው፤ የሚያመሳክርበት የሰው አጥንት የለውም። ምን አደረገ? ራሱ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንደተረከው፣ አጠገቡ ከነበረ የአፋር መቃብር የሟች ታፋ አጥንት አወጣ። ከመጠን በቀር ገጠመለት። ግኝቱ ትልቅ ነው። መቃብሩ ግን የሰው መቃብር ነበር፤ ይህን ታሪክ ተማሪዎቼ ሲስቁበት አልወድም።

በዓመቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ድንቅነሽ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ የአጽሟ 40 በመቶ ያህል የተረፈ፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ የማይበልጥ። ጉልበቷ የዘመመ፣ ዳሌዋ አጭርና ሰፊ፤ ቆማ ትሄድ ነበር። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ ላይ፣ በ1987 ዓ.ም. ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ሁለት ቁራጭ የእጅ አጥንት አነሣ፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ ሆነች። የአርዲ የእግር አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የተከፈተ ነው፤ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ዳሌዋ ግን መቆም ጀምሯል። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም ደግሞ የሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ናት። እግሯ የሚሄድ፣ ትከሻዋ ግን ወደ ላይ ያቀና፣ ከእኛ ይልቅ ለጎሪላ የሚቀርብ፤ ዛፍ መውጣት ያልተወች ልጅ ትከሻ። አካል በአንድ ቀን አይቀየርም። እግሩ ታኮ ቢጫማም ትከሻው ከገጠር ገና አልተመለሰም ማለት ነው።

ድንቅነሽ በዚሁ ቦሌ ኤርፖርት በኩል በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዳ በ2005 ዓ.ም. ተመለሰች፤ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ከሰላም ጋር ሆና ፕራግ ለእይታ ቀረበች። «ምድረ ቀደምት» ብለን በኩራት የምንሸኛት እኛ ነን። ቅር የሚለኝ፣ ልጆቻችን ስለ አጥንት ዝምድና የሚማሩት አይተውት በማያውቁት የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ ሥዕል መሆኑ ነው፤ ያውም ማታ ቤታቸው ሳህን ላይ ክንፍ ቀርቦላቸው። አጥንት ብቻውን አይናገርም። ከሐዳሯ ጉልበት ጎን የሚቀመጥ ሌላ ጉልበት ባይገኝ ኖሮ ጠጠር ነበረች።

በሉ፣ ሻይ ከመምጣቱ በፊት ወደ ጠረጴዛው ኑ። በቀኝ የበሬው እግር አለ፤ ቦይዋን በጥፍራችሁ ፈልጓት። በግራ ባለው ሳህን ላይ አንድ ሙሉ የዶሮ አጽም አለ፤ ሥጋው እስኪለቅ ቀቅዬ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄዋለሁ። ከነአካቴው አልገጣጠምኩትም፤ የምትገጣጥሙት እናንተ ናችሁ። ትንንሽ ልጆች ይቅደሙ። ጉልበቱን ያገኘ ይጥራኝ።